አሥረኛው ውርወራ

አሥረኛው ውርወራዬ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህን አትርሱብኝ። ከግራሩ ሥር ሆኜ ወረወርሁ፣ ዋርካው ላይ የተሰቀለው መረብ ውስጥ ገባ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም። አልቆጥረውም ያለኝ ሰው በዐይኑ አይቶታል። ይህን ማለት ከጀመርሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ በቀደም የልጅ ልጄ ጭኔ ላይ ያስቀመጠችው ሳህን ነው። ሳህን የምለው እኛ እንደዚያ ስለምንለው እንጂ የሚበላበት አይደለም፤ ተወርውሮ የሚበር፣ ክብ፣ ዝርግ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ተክለዋል፤ ከሩቅ እየወረወሩ እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው ጨዋታው።

«እማማ፣ ይቺ ፈጣኗ ናት፤ ጠርዟን እዪው» አለችኝ።

አውራ ጣቴን በጠርዟ ላይ አሳለፍሁት። ቀጭን ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ሊቆርጥ የደረሰ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ያው የድሮው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ። አጥብቄ ያዝኋት። ልጅቷ ደስ ያለኝ መስሏት ሳቀች። ደስታ አልነበረም፣ ንዴት ነው።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችንን ከጣና የሚለየው አንድ ሜዳ ብቻ ነው። በሜዳው ግራ በኩል ደንገሉ እንደ አጥር ቆሟል፣ ከደንገሉ ወዲያ ውሃ ነው። ጧት ፀሐይዋ በደንገሉ መሀል ስትገባ የሜዳው ሣር ዥንጉርጉር ይሆናል፤ የጭቃውና የዓሣው ሽታ ክፍላችን ድረስ ይመጣል። ከተማችን ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ የውሃ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ አራት ሳህኖች ለስፖርት መምህራችን ትቶ ሄደ። አጨዋወቱንም ቀድሞ አሳይቶታል። የብረት ቅርጫት ከየት ይምጣ? መምህሩ በበርሜል ቀለበት ላይ አሮጌ የዓሣ መረብ አሰፍቶ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ አሰቀለው። ሳህን ሲገባበት መረቡ ፎሽ ይላል። ያን ድምፅ ዛሬም ብሰማው ከእንቅልፌ እነሣለሁ።

ይህን ሰው እሱ እያልሁ ነው የማወራችሁ። መምህሬ ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል፣ እሳቸው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።

ከአራቱ ሳህኖች ሦስቱ ጠርዛቸው ድልብ ነው፤ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ሰነፎቹ እንላቸው ነበር። አራተኛዋ ቀይ ናት፣ ጠርዟ የሳሳ። እሷን ችኩሏ አልናት። ልጅ ሁሉ የሚመኘው ችኩሏን ነው፤ በሰነፏ ሁለት ጊዜ እንኳ መረቡን ያላገኘ ሁሉ «እኔ ችኩሏ ብትሰጠኝ» እያለ ይፎክራል። መምህሩ ግን ሕግ አወጣ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ በዚህ አልዋሽበትም። ፈጣን ሳህን እጁ ላልበሰለ ሰው አትታዘዝም። መጀመሪያ አምሮባት ትሄዳለች፤ የሚበቃትን ፍጥነት ካላገኘች ግን መሀል መንገድ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ግራ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ሐይቅ ማለት ነው። ሰነፎቹ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ በታንኳ ሄዶ መልቀም ነው። ችኩሏ ከባድ ስለሆነች ትሰምጣለች።

«ሰነፏን ከግራሩ እስከ መረቡ አሥር ጊዜ ሳያቋርጥ ቀጥ አድርጎ ያስገባ፣ ችኩሏን ይረከባል። ወንድ ሴት የለም። የማን ልጅ የለም።»

በእነዚህ ቃላት ነው የተናገረው። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

እኔን ሕጉ አላስከፋኝም። አባቴ ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ትንሿን ታንኳ ሳትዞርብኝ ቀጥ አድርጌ እስክቀዝፍ ድረስ ረጅሟን እንዳልነካ ብሎ ሁለት ክረምት አስጠብቆኛል። «ስትቸኩዪ ነው የምትዞርብሽ፣ ልጄ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ለችኩሏ ሲጋፉ እኔ ሰነፏን ይዤ ግራሩ ሥር እቆማለሁ። ከትምህርት በፊት፣ ከትምህርት በኋላ። እጄን በደረቴ ፊት አሳልፌ በጠፍጣፋው እለቃታለሁ፤ ክንዴን ሳልሰብር፣ ሳልቸኩል። መጀመሪያ ሦስት፣ ኋላ አምስት፣ ኋላ ሰባት ሳላቋርጥ አስገባሁ።

ከወንዶቹ የሚፎካከረኝ አንድ ረጅም ልጅ ነበር፤ አባቱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ክንዱ ጉልበት አለው፣ ግን ሳህኑ የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅ።

«አንቺ ደንገል፣ ንፋስ እንዳይወስድሽ!» ይለኛል።

«አንተ የመብራት ምሰሶ፣ መጀመሪያ መረቡ የት እንዳለ ፈልግ!» እለዋለሁ።

መምህሩ ችኩሏን በመሀረብ እየወለወለ በብብቱ ይዟት ይዞራል። እኛ ፊት ግን አንድ ቀን ወርውሯት አያውቅም። ወርውረው ያሳዩን ስንለው «ለእናንተ ናት እንጂ ለእኔ አይደለችም» ይላል። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከአባቴ ጋር ደንገል ልንቆርጥ ስንወርድ፣ መምህሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እግሩ ጭቃ ሆኖ ከደንገሉ ውስጥ ሲወጣ አገኘነው። ቀይዋ ብብቱ ሥር ናት፣ ውሃ ታንጠባጥባለች።

«ወፍ ሳይ ነው» አለን፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ «ወፎቹ ደኅና ናቸው፣ መምህር?» አለው። ካለፍነው በኋላ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት። ያኔ ምን እንዳሳቀው አልገባኝም።

አሥረኛውን የወረወርሁበት ቀን ሐሙስ ነበር። ንፋስ የለም፤ ጣና ረግቶ ተኝቷል፣ ከማዶ የአንዲት ታንኳ ቀዛፊ ሳል ይሰማል። ልጆቹ ከኋላዬ ተሰልፈው እየጮኹ ይቆጥሩልኛል። ስድስት። ሰባት። ስምንተኛው ላይ እጄ አላበኝ፣ በቀሚሴ ጠረግሁት። ዘጠኝ። አሥረኛውን ሳልለቀው ትንፋሼን እንኳ አልያዝሁም፤ ልክ እንደ ዘጠኙ ለቀቅሁት። ዛሬ ዐይኔን ስጨፍን የሳህኑ ጀርባ ይታየኛል፤ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ሆኖ ሲሄድ፣ ጥላው ሣሩ ላይ ሲከተለው። ፎሽ።

«አሥር!» አሉ ልጆቹ።

መምህሩ ወደ ሐይቁ አየ። ወደ መረቡ አይደለም፣ ወደ ሐይቁ። ከዚያ፣ «አሥረኛው ወደ ግራ አዘንብሏል። አልቆጥረውም» አለ።

«መረቡ ውስጥ ነው እኮ፣ መምህር።»

«አዘንብሎ ነው የገባ።»

የመብራት ምሰሶው፣ ያ ረጅም ልጅ፣ ከሰልፉ ወጣ። «ኧረ ቀጥ ብሎ ነው የገባው! እኔ አይቻለሁ» አለ ጮክ ብሎ። መምህሩ አፍጥጦ አየው። ወደ እኔ ዞረና «ከአንድ ጀምሪ» አለኝ።

አልጀመርሁም። «አሥር ወርውሬያለሁ። እንዳልወረወርሁ ሆኜ አልጀምርም» አልሁትና ሰነፏን እግሩ ሥር አስቀምጬ ሄድሁ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ምን ነበረበት ብትደግሚው ይሉኛል። ብደግመው ኖሮ አሥረኛው አልነበረም ማለቴ ነበር። ስለዚህ ዛሬም አልደግመውም።

በሳምንቱ ችኩሏን ለረጅሙ ልጅ ሰጠው። ልጁ በተከታታይ ከስድስት አልፎ አያውቅም። «ክንዱ ይችላታል» አለ መምህሩ። ልጁ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ እኔ ቆሜ ሳይ አየኝ። ኋላ ግን ወሰዳት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ቀይዋ ሳህን እጁ ላይ ናት፣ ምን ያድርግ? እሱን አልወቅስም።

ወረወረ። ምን ልበላችሁ፣ ቆንጆ ነበረች። እንደዚያ ያለ ነገር አይተን አናውቅም፤ እየፏጨች ሄደች፣ ልጆቹ እልል አሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ጋደለች። ከዚያ ወደ ግራ። በደንገሉ አናት ላይ አልፋ ከዐይናችን ተሰወረች፤ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ሰማናት።

በአካባቢው የነበረው ታንኳ የአባቴ ነው። የቀዘፍሁላቸውም እኔ ነኝ፤ በረጅሟ ታንኳ። መምህሩ ከፊቴ ተቀምጦ በቀርከሃ ጭቃውን ይነካካል፣ ልጁ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእግሩ ይፈልጋል። የተቆረጠ ደንገል ሽታ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የውሃ ዶሮ ጩኸት። የመምህሩን ጀርባ እያየሁ ጠየቅሁት።

«ለምን አልሰጡኝም?»

«ወደ ፊት ቅዘፊ» አለኝ።

ልጁ ግን ከንፈሩ ጠቁሮ እየተንቀጠቀጠ የታንኳውን ጠርዝ ሲይዝ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ «ያንቺ ነበረች» አለኝ። ጀንበር እስክትጠልቅ ፈለግን። አላገኘናትም። እዚያው አለች፣ ጭቃው ውስጥ።

ከዚያ ወዲያ ያን ሜዳ አልረገጥሁም። ትምህርቱንም በዓመቱ ተውሁት። በአንዲት ሳህን የተነሣ ተውሁ አልልም፤ ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ነበር። ግን መቆጠሩ ከቀረ ለምን እደክማለሁ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ የገባው ያን ሐሙስ ነው። ረጅሙ ልጅ ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። ቀጥ ብሎ ነው የገባው ያለልኝ፣ ምስክሬ እሱ ነበር። በዚያች ታንኳ ከነበርነው የተረፍነው እኔና መምህሩ ብቻ ነን። እኔም ምክንያቱን ለራሴ ሁለት አድርጌ ኖርሁ፤ ወይ ሴት ስለሆንሁ ነው፣ ወይ የደንገል ቆራጭ ልጅ ስለሆንሁ። አንዱን ቀን አንዱን፣ ሌላውን ቀን ሌላውን እያነሣሁ ስረግመው ኖርሁ።

የልጅ ልጄ በቀደም ያመጣቻትን ሳህን ስትወረውር ልታሳየኝ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። ወረወረቻት፤ ግማሽ ሄዳ ወደ ግራ ታጠፈች። ሱሪዋን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ይዛት ስትመለስ፣ የት እንዳየሁት ባላስታውስም እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ያየሁ መሰለኝ።

«መልሻት» አልኋት። «ቀስ የምትለዋን አሥር ጊዜ ሳታቋርጪ ቀጥ እስክታደርጊ ይቺን አትንኪ።»

«እንዴ እማማ! ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«አንድ ውሸታም።»

«በሕይወት አለ?»

«ዓባይ ማዶ፣ ልጁ ቤት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሳህኗን ከእጇ ወሰድሁና ባጃጅ ያዝሁ። ድልድዩን ስንሻገር የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ ስድቡን በየተራው። መምህሩ በር ላይ ወንበር ወጥቶለት ፀሐይ ይሞቃል። ትከሻው አልቋል፣ ዐይኑ ደፍርሷል። ማን እንደሆንሁ አልነገርሁትም። ሳህኗን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁለት። አውራ ጣቱን በጠርዟ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈው፤ እኔ እንዳደረግሁት።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ። «ግቢ፣ ሻይ ይፈላልሽ።»

«ሻይ አልፈልግም። አሥረኛው ቀጥ ብሎ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ሳህኗን ገልብጦ ዳሰሳት። ባጃጆች ያልፋሉ፣ የሆነ ቤት ሕፃን ያለቅሳል።

«ሴት ስለሆንሁ ነው?»

አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«በአባቴ የተነሣ ነው?»

«አባትሽ ደግ ሰው ነበር» አለ። «ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ ባገኘኝ ቁጥር ወፎቹን ይጠይቀኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረብኝም።»

ያን ጊዜ ያ ጭቃ እግር፣ ያች ውሃ የምታንጠባጥብ ቀይ ሳህን ፊቴ ድቅን አሉ። ያሰናዳሁት ስድብ አፌ ላይ ቀረ። እሳቸውም ሳህኗን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ እያዩ መለሱልኝ።

«ቀጥ ብሎ ነበር። ያችን ቀይ እኔ አንድ ቀን ቀጥ አድርጌ ወርውሬያት አላውቅም፤ ጧት ጧት እየሄድሁ ሞክሬያለሁ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ። ለዚያ ረጅም ልጅ ስሰጠው እንደ እኔ እንደሚሆን አውቅ ነበር። አንቺ ብትወረውሪያት ግን ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፣ ልጄ፤ ሁሉም እያዩ።»