አንድ ጉንጭ ውሃ

መምሬ ወልደ ገብርኤል ከደብር ሲመለሱ በገዛ በራቸው ላይ ቆመው «ቤቶች» ይሉ ነበር። ውስጥ ማንም የለም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ ጎረቤትም ያውቃል። ቁልፉን አውጥተው በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ለራሳቸው እንግዳ ሆነው ይገባሉ። ሚስታቸው አልጣሽ በነበረችበት ጊዜ የለመዱት ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላም አፋቸው አልተወውም።

ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ ማግባት የለበትም። ላግባ ካለ ቅዳሴውን ይተዋል። መምሬ ደግሞ ቅዳሴውን መተው አልሆነላቸውም። ልጅ አልወለዱም። እንደ መነኩሴ ገዳም አልገቡ፣ እንደ ባለትዳር ቤታቸው አልሞቀ፣ እንዲያው መሀል ላይ ቀሩ። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው መስቀላቸውን ተሳልሞ ያልፋል እንጂ ገብቶ አይቀመጥም። ብቸኛ ሰው ቤት ምን ይባላል ብሎ ነው መሰለኝ። እህል ውሃውን ግን አልነፈጓቸውም፤ ያጡት የሚያናግር ሰው ነው።

ፈንታዬ የመጣችው በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ያ ክፉ ድርቅ ወሎን ባራቆተበት ጊዜ ነው። የአልጣሽ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ካሰች ከወረኢሉ ወዲያ ባለው ቆላ በረሀብ ሞተች። አባቷ ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ እንደወረደ ድምፁ ጠፋ። ልጅቷን ነጋዴዎች በበቅሎ ጭነት ላይ አፈናጥጠው አምጥተው ከመምሬ ደጅ አወረዷት። አጥንቷ ቀርቷል፤ ከደብተሯ በቀር የያዘችው ነገር አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን አትናገርም። ይበሉኛል የምትል ይመስል ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ታዲያ መምሬ ከደብር ተመልሰው እንደ ልማዳቸው «ቤቶች» ቢሉ፣ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ «ይግቡ» አላቸው። ጥላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። እዚያው በራፍ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ ልጅቷ እንዳታይባቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ትምህርት የመምሬ ሥራ ሆነ። መቼም መምሬ ካቆሙ ማሕሌት፣ ካስተማሩ ቃል በቃል የሚያስጠኑ ሰው ናቸው፤ አስኳላ የሚባለውን ትምህርት ግን በሩቁ ነው የሚያውቁት። አንድ ቀን ፈንታዬ መጽሐፍ ዘርግታ ዝም ብላ ስታይ አገኟት። ምን እያደረግሽ ነው ቢሏት እያነበብኩ ነው አለች። መምሬ አላመኑም። በቤተ ክህነት ትምህርት ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ የተኛ ተማሪ ነው፤ የኔታ በአርጩሜ ይቀሰቅሱታል። በዓይን ብቻ የገባ ትምህርት በዓይን ይወጣል ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅሽን አሰሚኝ አሏት።

እሷም አሰማች። ጧት ጧት፣ ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ መደቡ ላይ እየተወዘወዘች ትጮኻለች። ሳይንሱን ትጮኻለች፣ ታሪኩን ትጮኻለች። እንግሊዝኛውን ስትል መምሬ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ድገሚው» ይላሉ። የጂኦግራፊውን ወንዞች በእዝል ዜማ አስገቧቸው። ኃጢአት አይሆንም ወይ ብለው ትንሽ ከራሳቸው ተሟገቱና፣ ወንዙንም የፈጠረው እሱ ነው ብለው ተዉት። ዓባይ፣ ተከዜ፣ አዋሽ እያለ ይወርዳል። የኛው ወለቃ በመጽሐፉ ውስጥ አለመኖሩን ሲሰሙ ግን ተቆጡ። ስንት በግና ስንት ሰው የወሰደ ወንዝ እንዴት ይረሳል ብለው፣ በገዛ ሥልጣናቸው ከአዋሽ ቀጥለው ወለቃን ጨመሩበት። ፈንታዬ ሳቀች። የሚስቅባቸው ሰው እንኳ ስላልነበረ መምሬ ሳቁን ወደዱት።

ያ ዓመት አልፎ ስድስተኛ ክፍል ገባች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በሰኔ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ደሴ የምትኖር ድንቅነሽ የምትባል የአባቷ እህት በመኪና ረዳት አፍ መልእክት ላከች፤ ዘንድሮ ካለፈች እኔ ዘንድ አምጥቼ አስተምራታለሁ፣ ከወደቀች ግን ለከርሞ ቃል አልሰጥም፣ ጊዜው ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም የሚል ነው። እውነቷን ነው። ንጉሡ ወርደዋል፤ የትልልቅ ትምህርት ቤት ልጆች ለዘመቻ ወጥተው በየገጠሩ እየዘፈኑ ይዞራሉ፤ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። በዚህ ላይ ልጅቷ ቁመቷ እየሳበ ነው፤ በወግዲ መንገድ የሚኖር አንድ ባለጸጋ ለወንድ ልጁ ዓይን እንደጣለባት መምሬ ሰምተዋል።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተና ፈተነ። በማግስቱ አስተማሪዋ አሻግሬ መምሬ ቤት ድረስ መጣ። ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፣ ግን ክፉ አልነበረም። ፈንታዬን ከፈተናው እንዳስወጣት ተናገረ። ጥያቄው ሲመጣላት ድምፅ አውጥታ ታነበንባለች፤ ወንዞቹማ ከነዜማቸው ነው የወጡት። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ልጆች ከአፏ እየለቀሙ ጻፉ። እነሱ አለፉ፣ እሷ ዜሮ አገኘች።

«መምሬ፣ ልጅቷ ታውቃለች» አለ አሻግሬ። «ግን ካልጮኸች አይመጣላትም። ለትልቁ ፈተና ፈታኙ ከሌላ አገር ነው የሚመጣው። አንዴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካየ ወረቀቷን ይቀማታል።»

እንዲህ ሲላቸው መምሬ ምን እንደተሰማቸው እኔ ልንገራችሁ፤ እሳቸው ለንስሐ አባታቸው ካልሆነ ለማንም አልተናገሩትም። ደስ አላቸው። ትውደቅ፣ እዚሁ ትቅር፣ በሬ ላይ «ይግቡ» የሚለኝ አልጣ አለ ልባቸው። ወዲያው ደግሞ ይህን ያሰበው ማነው ብለው ደነገጡ። አስተማሪውን ሸኝተው ተመለሱና ልጅቷን አዩዋት፤ ጥጓን ይዛለች፣ ልክ እንደመጣች ሰሞን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የማቃናውም እኔ ነኝ አሉ በልባቸው።

ማቃናቱ ቀላል አልሆነም። ዝም በይ ሲሏት ዝም ትላለች፤ ግን መልሱ አብሮ ዝም ይላል። ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች። አፏን በነጠላ አሰረች። ከነጠላው ሥር እንኳ እንደ ንብ ቀፎ ታጉረመርማለች። አንድ ጧት ግን ፊቷን እየታጠበች አፏ ውስጥ ውሃ ይዛ፣ በዓይኗ መጽሐፉን ስታይ መምሬ አዩዋት። ጉንጯ ሞልቷል፤ ድምፅ የለም። ጭንቅላቷ ግን እየሠራ ነው፤ ጣቷ መስመር ለመስመር ይሄዳል። ተገኘ አሉ መምሬ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት አንድ ጉንጭ ውሃ ይዛ ታጠናለች፣ ውሃ እንደያዘች ትጽፋለች፣ ስትጨርስ ደጅ ወጥታ ትተፋለች። እሳቸው ዘወር ሲሉ ግን ውሃውን ትውጥና ማነብነቧን ትቀጥላለች። ስለዚህ እሳቸውም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ጉንጫቸውን በውሃ ሞልተው ይጠብቋት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ቄስና አንዲት ልጅ ጉንጫቸውን ነፍተው ሲተያዩ ላየ ያስቃል። መምሬን ግን አላሳቃቸውም። ቤቱ እንደ ድሮው ጭር ብሏል። ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ድምፁን በገዛ እጃቸው አጥፍተው፣ አልጣሽ የሞተች ሰሞን የነበረውን ዝምታ መልሰው አመጡት። ሆድ ባሳቸው። ቢሆንም የውሃውን ጽዋ በየጧቱ የሚሞሉት እሳቸው ነበሩ።

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ሰሞነኛ ቄስ እስከዚያ ድረስ ጠብታ ውሃ አይቀምስም። መምሬ ሰሞነኛ በሆኑበት ሳምንት ምን ይሁን ብለው አሰቡ፤ መያዝ መዋጥ አይደለም ብለው ቆረጡና እንደ ልማዳቸው ከልጅቷ ፊት ተቀመጡ። ይህን ጊዜ በላይ ከደጅ መጣ። በላይ መምሬ ስለ ቅዳሴ አገልግሎታቸው የያዙትን የሰሞን መሬት የሚያርስ፣ እህሉን በየዓመቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው። ገብቶ ጎንበስ አለና «አባ ይፍቱኝ» አለ።

ቄስ ይፍቱኝ ተብሎ ዝም አይልም። መምሬም አላሉም። ዋጡና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በላይ የተናገረውን ግማሹን አልሰሙትም። መሬት ላራሹ ሆነ ነው የሚለው፤ አዋጁ ተነቧል፣ ከእንግዲህ እህል አላመጣም፣ አፈር ስሆን አይቀየሙኝ ይላል። መምሬ ደግ፣ ደግ እያሉ ሸኙት። እሳቸውን የጨነቃቸው ጉሮሯቸውን አልፎ የወረደው ውሃ ነበር። ወደ ደብሩ አለቃ ሄደው «ገድፌያለሁ፣ ዛሬ አልገባም» አሉ። ሌላ ቄስ ተተካላቸው። እሳቸው ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው ቅዳሴውን በሩቁ ሰሙ። ከቅዳሴው የማያውቁት ቃል አልነበረም፤ አብረው ማለት ግን ያን ቀን የእሳቸው ድርሻ አልነበረም።

አገሩ ታዲያ የራሱን አወራ። መሬቱ ስለተወሰደበት አኩርፎ ቅዳሴ ተወ ተባለ። በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም፤ በአዋጁ ያኮረፈ ሰው በስብሰባ ስሙ ይነሳል። የነበሩት ጥቂት ሰላምተኞችም መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ውሃ ይዤ ልጅ ሳስጠና ነው ብለው ቢናገሩ የሚያምናቸው አልነበረም። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝምታውን በዚያ ዓመት ከልጅቷ እኩል ተማሩት ማለት ነው።

ሰኔ ደረሰ። የፈተናው ቀን ዝናብ እያካፋ ነበር። መምሬ ልጅቷን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አድርሰው «አብሽሪ» አሏት፤ እሷም ባዶ ጉንጯን ነፍታ አሳየቻቸውና ገባች። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ክፍሉ አቀኑ። አንዲት ቀጭን ድምፅ ከወጣች አለቀ ማለት ነው። ዝናቡ ቅጠሉን ይመታል፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማ የለም። እንዲያ የጠሉትን ዝምታ ያን ዕለት ጌታ ሆይ አታቋርጠው ብለው ጸለዩለት።

ስትወጣ ጣቶቿ ቀለም ነክቷቸዋል። እንዴት ነበር ብለው አልጠየቋትም፤ ፈርተው ነው። እሷው መንገድ ላይ «አባ፣ ወለቃን ዘለልኳት» አለቻቸው። ይህን ጊዜ እንዳለፈች አወቁ። ደግ አደረግሽ አሉ፤ ግን ስለ ወለቃ ትንሽ ከፋቸው።

እንዳሰቡትም አለፈች። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ተገኘ። መምሬ በሶና ቆሎ አሰሩላት፤ የአልጣሽን ኩታ ሰጧት። ሌሊቱን የሚነግሯትን ምክር ሲያዘጋጁ አድረው ነበር፤ ጧት አንዱም አልመጣላቸውም። መኪናው ዘንድ እስኪደርሱም እሷ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አጠገባቸው ሄደች። አኩርፋብኝ ይሆን ብለው ዞር ብለው ቢያዩ፣ ጉንጮቿ ተነፍተዋል። ከቤት ስትወጣ ከጽዋው ውሃ ይዛ ነው የወጣችው፤ ሰው ፊት ጮኻ እንዳታለቅስ።

መምሬ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አኖሩ።

«እግዚአብሔር ይከተልሽ ልጄ» አሉ።

ምርቃት ተመርቆ ዝም አይባልም። ፈንታዬ ዋጠችው።

«አሜን፣ አባዬ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶዋን የሚይዘው አልነበረም።

መኪናው ሲሄድ መምሬ አቧራው እስኪረጋ ቆመው ተመለሱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ያን ዕለት «ቤቶች» አላሉም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጽዋው እዚያው ነው፤ ጥቂት ውሃ ቀርቶበታል። ቤቱ ጭር ሲልባቸው ጊዜ ድምፃቸውን አውጥተው በእዝል ጀመሩ። ዓባይ አሉ፣ ተከዜ አሉ፣ አዋሽ አሉ፣ ወለቃ አሉ። ከወለቃ ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋቸው። ሁልጊዜ ከዚያ የምትቀጥለው እሷ ነበረች።