ግራሩ ያለቀሰ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ቁስቋም አጠገብ ከአንድ ግራር ሥር ወዳቆምኳት ማኪና ስመለስ መስታወቷ በጥቃቅን ጠብታ ተዥጎርጉሮ አገኘሁት፤ በመሀረብ ብጠርገው እየተጣበቀ እምቢ ሲለኝ ጣቴን አሸተትኩና፣ ያ ሣር ሣር፣ ስኳር ስኳር የሚል ሽታ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰውነቴን እዚያው አቁሞ፣ ሐሳቤን አዲስ ዓለም ሰፈር ወደነበረው ግቢያችን ይዞት ሄደ።

ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በግቢያችን መሐል ጥላው ከቤታችን የሚሰፋ ግራር ነበረ፤ አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ሰላቱን የሚሰግደው፣ እናቴ ልብስ የምታሰጣው ከሥሩ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ታማ ሁለት ወር ከመኝታዋ አልተነሣችም፤ ትልልቆቹም እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ዝናብ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግራሩ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ልባቸው ሩኅሩኅ፣ አፋቸው ግን ልጓም የሌለው ሴት፣ ሽቅብ አይተው ደረታቸውን መቱና፣

«ዛፍ የሚያለቅሰው ከቤቱ ሰው ሊጎድል ሲል ነው» አሉ።

መስማቴን አላወቁም። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ፣ ቅርፊቱ ጉንጬን እየቧጠጠኝ ግንዱን አቅፌ «አታልቅስ» እያልኩ ለመንኩት። አንዱን ጠብታ ብቀምሰው መጣፈጡ ግን ግራ አጋባኝ፤ የኔ እንባ ጨው ጨው ይል ነበርና።

በአራተኛው ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ የሚያመጡልን ገበሬ፣ አያ ፈንታ፣ እዚያው ተጣብቄ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ቅርንጫፉን በዱላቸው ጎንበስ አደረጉና «በይ ይቺን እሾህ ንኪያት» አሉኝ። ስነካት እሾኋ ተስፈንጥራ በረረች! ለካ ከእውነተኛው እሾህ መሐል እሾህ መሳይ ነፍሳት ተደርድረው የዛፉን ውኃ ይመጥጡ ኖሯል፤ ጉንዳኖችም ከኋላቸው ቆመው ጠብታውን ይቀበላሉ።

«ጠጥተው የተረፋቸውን ነው የሚጥሉት። እንባ አይደለም ልጄ፣ ሽንታቸው ነው።»

«እኔ እኮ ቀምሼዋለሁ!»

«ምንም አይልሽ። እኛም በልጅነታችን ልሰነዋል፤ ሸጋ ነው!»

ሮጬ ገባሁና «እማዬ፣ ግራሩ አላለቀሰም፤ ተባይ ሸንቶበት ነው!» ስላት፣ እናቴ ትክ ብላ አየችኝ፤ ቀጥሎ ያ የናፈቀኝ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነና፣ ደግፌያት ቁጭ ብላ ሾርባ ጠየቀች። ሾርባውን ይዘው የመጡት እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ «አፌን በቆረጠው!» ብለው ከሁላችን በላይ ሳቁ። ወር ሳይሞላ እናቴ በእግሯ ገበያ ወጣች።

ግራሩ መንገድ ሲሰፋ ተቆረጠ። አያ ፈንታም እትዬ ጥሩነሽም የሉም፤ እናቴም ልጆቼን አሳድጋ፣ አርጅታ፣ ቀኗ ሲደርስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የምሥራች ሰምቻለሁ፤ ሐኪም «ነጻ ነሽ» ብሎኛል፣ ድምፁ የጠፋ ልጄም ደውሎልኛል። ግን እፎይታዬ ሁሉ «እስከ መቼ?» የምትል ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ከእናቴ እግርጌ እንቅልፍ ሲወስደኝ ግን፣ ሞት የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ጨርሶ የቀረ መስሎኝ ነበር።