የእማዬ ድርሻ

ባለፈው ሳምንት የገዛሁት የሚቀባ ቸኮሌት ብልቃጥ፣ ግማሹ ተበልቶ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ አለ። ልጥለውም ልጨርሰውም አልቻልኩም። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር የተቆላው ሄዘልነት፣ የዚያ ለውዝ መሰል ፍሬ፣ እና የካካዎው ሽታ ቤድፎርድ ከተማ ወዳለው ያደግሁበት አፓርታማ ይወስደኛል።

ልጅ እያለሁ ይህ ብልቃጥ የማይገባበት የትምህርት ቤት ምሳ አልነበረም። የክፍሌ ልጆች ዳቦ ላይ ቀብተውት ይመጣሉ፤ ከንፈራቸው ቡናማ ሆኖ ይውላል። እኛ ቤት ግን ቦታው ፍሪጅ አናት ላይ ነበር። ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ የምትውለው እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ አውርዳ በቢላ ጫፍ ትቀባልኛለች፤ ያውም ዳቦው ከሥሩ እስኪታይ ስስ አድርጋ። ሳጉረመርም፣ «ጣሊያኖች እኮ ከጦርነት በኋላ ካካዎ ሲጠፋባቸው በሄዘልነት አበርክተው ነው የሠሩት። በችግር የተፈጠረ ነገር በማንኪያ አይዛቅም» ትለኛለች። ደግሞ ትጨምራለች፣ «ሲበዛ ማርም ይመራል።» ስስታም ትመስለኝ ነበር።

እማዬ ታማ ሆስፒታል በገባች በሳምንቱ፣ ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ከትምህርት ቤት ወሰዱኝ። ቤታቸው እንደገባን አዲስ ብልቃጥ ከፍተው ከትልቅ ማንኪያ ጋር ፊቴ አስቀመጡልኝ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ እስኪበቃሽ ብዪ» አሉኝ። ዕለቱ ቅዳሜ አልነበረም። በደስታ አበድኩ። በመስኮቱ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከመኪና እየወረዱ ወደ ቤታችን ሲገቡ አያለሁ፤ እበላለሁ። ግማሹ ላይ ስደርስ በማንኪያው አስተካከልኩትና «ይሄ የቀረው የእማዬ ነው» አልኳቸው። እትዬ አልማዝ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጉንፋን የያዛቸው መሰለኝ።

ለልጅ መርዶ አይነገርም ተባለ። አባዬም «ለሕክምና አገር ቤት ሄዳለች» አለኝ። ብልቃጡን ቤታችን ወስጄ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኩላት፤ በየቅዳሜው ወንበር ላይ ቆሜ ማንም እንዳልነካው አረጋግጣለሁ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጠበቅኳት። እውነቱን የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አብራኝ ትጫወት ከነበረች ልጅ ነው። «ያንቺ ማሚ ዳይ አድርጋለች እኮ። ኤቭሪባዲ ያውቃል» አለችኝ። ሁሉም አልቅሶላታል፣ ቀብሯታል፣ ተዝካሯንም በልቷል። እኔ ለቅሶዬን ብቻዬን ጀመርኩ። ትልልቆቹን ለዓመታት ጠላኋቸው።

ዛሬ ፕሌኖ ነው የምኖረው። ጓዳዬ ሙሉ ነው፤ ያ ብልቃጥ ግን ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ የሄለን ባል በመኪና አደጋ ሞተ። ለቅሶ ቤቱ በር ላይ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጅቷን ይዘሽልን ውጪ። አባትሽ ለሥራ ትሪፕ ሄዷል በያት። የምትወደውን ግዢላት» አሉኝ። የሄለን ልጅ ሊያ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ሱቅ ስንገባ እጇ ያነሳው ያንኑ ብልቃጥ ነበር። እኔም እንደታዘዝኩት ከፕላስቲክ ማንኪያ ጋር ገዛሁላት።

መኪና ውስጥ ተቀምጠን እስኪበቃት በላች። ከዚያ ቀና አለችና «ዳዲ ይሄን ይወዳል። ሶ... ሃፉን፣ ግማሹን፣ ለሱ ላስቀምጥለት?» አለችኝ።

እትዬ አልማዝ ያኔ ለምን ፊታቸውን እንደሸፈኑ ገባኝ። ክፋት አልነበረም፤ አቅም ማጣት ነበር። እኔም ፊቴን የምሸፍንበት ነጠላ ተመኘሁ። ወርጄ ለሄለን ደወልኩ። ድምፅዋ ተዘግቶ «እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ፤ ማንኪያውን ከእጇ ወስጄ ነገርኳት። «ውሸትሽን ነው!» እያለች በቸኮሌት በተለወሱ እጆቿ ደረቴን ደበደበችኝ። እቅፍ አድርጌያት አብሬያት አለቀስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሄለን በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሊያ ቢያንስ ለቅሶዋን ብቻዋን አልጀመረችም።