አያ ፈንታው የሰጡን የወፍ ስሞች

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ወልድያ

ገና በደንብ አልነጋም፤ የአውቶቡስ ረዳቶቹ ግን "ላሊበላ! ላሊበላ!" እያሉ ጆሯችንን ይበጥሱታል። ፕሮፌሰሬ ከሁሉም ቀድመው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ታሪካዊ ሥነ ልሳን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የጥንት ቋንቋዎችን ዝምድና ሲመረምሩ ሸበቱ። ጭናቸው ላይ ቴፕ መቅረጫ፣ አዳዲስ ባትሪና አራት ባዶ ካሴት ይዘዋል። አያ ፈንታው በአገሬው ዲያቆን እጅ ያስጻፉት አጭር ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ "ሳልሞት ድረስልኝ። ፈንታው" ይላል።

አያ ፈንታው ከአሸተን ማርያም በታች የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በወጣትነታቸው ከእሳቸው አፍ የለቀሟቸው የወፍና የአውሬ ስሞች ከአገውኛም ከአማርኛም አልዛመድ ቢሏቸው፣ "ከሁለቱም በፊት እዚህ የጠፋ ቋንቋ ነበር" ብለው ጻፉ። ዶክትሬታቸውም ማዕረጋቸውም ከዚያ መጣ። እኔም ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ አስተምራለሁ። አሁን ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የጻፉት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

"ያልነገሩኝ ቃላት ትዝ ብለዋቸው ይሆናል" ይሉኛል፣ እየተቁነጠነጡ።

ሐሙስ፣ 5 ሰዓት፣ ጋሸና

የዲልብን ዳገት ወጥተን ቆምን። የጋሸና ብርድ አጥንት ይገባል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ጋቢ ተከናንበው ጥብስ ይበላሉ፤ እኛም አዘዝን። ሾፌራችን አብሮን ተቀመጠ።

"ሥራዎ ምንድን ነው፣ አባት?"

"የሞተ ቋንቋ እፈልጋለሁ።"

"የሞተውን ይተዉትና ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።"

ፕሮፌሰሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ዓርብ፣ 4 ሰዓት፣ ከአሸተን ሥር

እሳቸው በኪራይ በቅሎ፣ እኔ ኩራት ይዞኝ በእግሬ፣ ዳገቱን ወጣን። አያ ፈንታው በድንጋይ በተሠራው ቤታቸው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ዓይናቸው ቢደክምም የፕሮፌሰሩን ድምፅ ለይተው እጃቸውን ዘረጉ። ፕሮፌሰሩ ገና ሳይቀመጡ ቴፑን ከፈቱ።

"ልጄ፣ እሱን ዕቃ ዝጋው" አሉ ሽማግሌው።

ዘግተው ተቀመጡ።

"የነፍስ አባቴ 'ለበደልኸው ሰው ራስህ ንገረው' ብለውኛል። ያን ጊዜ የማውቀውን በሁለት ቀን ነገርሁህና አለቀብኝ። አንተ ደግሞ እርሳስህን ይዘህ ትጠብቃለህ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ደጄ የመጣን እንግዳ 'አላውቅም' ብዬ ባዶ እጁን ልስደደው? አፈርሁ። የወፉንም የአውሬውንም ስም ከራሴ እየፈጠርሁ ሰጠሁህ።"

"ከሁለቱ ቀን በኋላ የነገሩኝን ሁሉንም?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ሁሉንም። ኋላ አስተማሪዎች መጥተው 'በእርስዎ ቃል ትልቅ ሰው ሆነ' ቢሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። በማርያም ይቅር በለኝ።"

እውነቱን ለመናገር እኔ ተናደድሁ። ይህን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ፕሮፌሰሩ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ቴፑን መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ተነሥተው የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አያ። እርስዎ እንግዳ ነው ያስተናገዱት። ሌላም ቤት ገብቼ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። እግሬ ቆስሎ፣ ከተማው ናፍቆኝ ተውሁት።"

አያ ፈንታው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

ስንወርድ የሚያሳፍር ነገር ተናገርሁ። "ከእኛ በቀር የሰማ የለም፤ መጽሐፉ እንዳለ ቢወጣስ?"

በቅሎዋን አቆሙ። "ክፍል ገብተሽ ተማሪዎችሽን ምን ልትያቸው ነው?"

የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ቁልቁል መራኋት።

ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት፣ ላሊበላ ስልክ ቤት

ገበያ ስለሆነ ወረፋው ደጅ ደርሷል። ፕሮፌሰሩ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ቆመው ወደ ማተሚያ ቤቱ ይጮኻሉ፤ መስመሩ ጥሩ ስላልሆነ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማቸዋል።

"አራተኛው ምዕራፍ፣ የወፎቹ ስም ያለበት፣ ከመጽሐፉ ይውጣ! አዎ፣ ሙሉውን! ስህተት ነው!"

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ማን እንዳሳሳታቸው ጠየቃቸው መሰለኝ። የአያ ፈንታውን ስም ይጠሩ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

"ማንም አላሳሳተኝም! የተሳሳትሁት እኔ ነኝ! መግቢያው ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉት!"

ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ቃል በቃል እያስደገሙ አስጻፉት።