ቅቤ የመሰለው ዘይት

ልጄ የአትክልት ቅቤ በኮሰረት ስታነጥር ሽታው ሰቆጣ መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ በዚያ ክፉ የረሃብ ዓመት እናቴ ታናሽ እህቴን ወለደች። ላማችን ሞታ ነበር፤ እናቴ ግን አልጋ ላይ ስለነበረች አልነገርናትም። አክስቴ የአራስ ገንፎ አገነፋችና የእርዳታ ዘይት በኮሰረት አፍልታ መሀሉ ላይ አፈሰሰችው።

እናቴ አሸተተችው። "ቅቤው ከየት መጣ?"

"ከላምሽ ነዋ!" አለች አክስቴ፣ እኔን በዓይኗ እየገሠጸች።

እናቴ ሁለቴ ጎረሰችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። "እንኪ ብዪ። ላሟ ካለችማ፣ እኔ ብሞትም ሕፃኗ አትሞትም።"

በሳምንቱ ሁለቱንም ቀበርናቸው።

"እማዬ፣ ልክ ቅቤ አይመስልም?" አለችኝ ልጄ።

"ይመስላል" አልኳት። ያን ቀን ዘይት መሆኑን እያወቅሁ፣ ላሟ መሞቷን ለእናቴ ሳልነግራት፣ ሳህኑን ጠርጌ ነበር የበላሁት።