አያ ኢብራሂምን የጠየቀ ሰው

የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰው ሲጠይቅ መልሱ ያለበትን መደርደሪያ በጣት ማሳየት ነው። ባሕር ዳር ከመጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከልቡ የሆነ ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ የመጣ ሰው አላስታውስም። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ትዳር የጨነቃቸው፣ ሞት ያሳሰባቸው፣ ሕይወት የዞረባቸው ሁሉ መጻሕፍቱን ዘለው ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ ታንኳ ሠሪው አያ ኢብራሂም ዘንድ። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ያናድደኛል።

አያ ኢብራሂም ስድሳዎቹን ያጋመሱ ቀጭን ሰው ናቸው። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የደረቀ ደንገል በገመድ እየጠፈሩ ታንኳ ይሠራሉ። አባታቸውም አያታቸውም የሠሩት ይህንኑ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሸሪፋ ከጎናቸው አሳ ይጠብሳሉ። አሳው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈት ነውና ይጠይቃል፤ አያ ኢብራሂም ደግሞ እጃቸው እንጂ አፋቸው ሥራ ስላልያዘ ይመልሳሉ። ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነው ይባላል።

ጣጣው የሚመልሱት ያሰቡትን መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ የባንክ ሠራተኛ የሚጠበሰውን የቆሮሶ አሳ እያየ ምራቁን ዋጠና፣ "አያ ኢብራሂም፣ በጾም አሳ ይበላል እንዴ?" አላቸው።

"ቄሱን መጠየቅ ሲገባህ እኔን ሙስሊሙን የጠየቅኸኝ፣ ቄሱ የሚሉህን ስለምታውቅ ነው" አሉት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሽሮ ፍለጋ ሄደ። እትዬ ሸሪፋ ያን ቀን ባላቸውን አላናገሩም፤ ገበያቸውን አባረውባቸዋላ።

አንድ ተመራቂ ተማሪ ደግሞ የሕይወት ትርጉም ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። "ቆይ፣ መጀመሪያ ያችን ገመድ ወጥረህ ያዝልኝ" አሉት። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዞ ቆመ። መዳፉ ሲቀላበት፣ "መልሱስ?" ቢላቸው፣ "እኔ እንጃ ልጄ፤ ገመዱ ግን ደህና ተይዟል" አሉት።

"ደስታ የት ይገኛል?" ያላቸውም ነበር።

"ሐሙሲት።"

"ሐሙሲት ምን አለ?"

"የሸሪፋ እናት። እዚያ ሲሰነብቱ እኔ እዚህ ደስ ይለኛል።"

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሞት ያስፈራቸው እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። ከሽማግሌ የሚጠበቅ አንድ ከባድ ቃል ይወጣቸዋል ብዬ ነበር። "እንዴት አያስፈራኝ! እኔ እኮ ጉማሬ እንኳ ያስፈራኛል" አሉኝ።

እንግዲህ የእኔ ዕድል ከእኒህ ሰው አፍ ላይ የተንጠለጠለው እንዲህ ነው። ሔራን የምትባል ልጅ እወድ ነበር። እዚያው ኮሌጅ ሬጅስትራር ናት። ሁለት ዓመት ተዋድደን ስናበቃ ሦስት ሽማግሌ ወደ አባቷ ላክኩ። አባቷ ጋሽ ክንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ መልሱ ብቻ አይበቃቸውም፣ አሠራሩንም ማየት ይፈልጋሉ። ሽማግሎቹን አክብረው ተቀበሉና፣ "ልጁ የሐዋሳ ሰው ነው። ዘመድ ጎረቤት እዚህ የለውም። ሁለት ሳምንት ስጡኝና ጠባዩን ላጣራ" አሉ። ይህ ያለ ነው፤ ልጁን የተጠየቀ አባት ያጣራል። ያላሰብኩት የት ሄደው እንደሚያጣሩ ነበር። ሔራን ደወለችልኝ።

"ብሩኬ፣ አባባ ቅዳሜ ጠዋት አያ ኢብራሂምን ሊጠይቅ ነው።"

እትዬ ሸሪፋ ዘንድ በየቅዳሜው አሳ ስለምበላ አያ ኢብራሂም በደንብ ያውቁኛል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሔራን ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች። እኒህ ሰው "አይሆንም" ካሉ ሠርጉ የለም፣ ሔራንም የለችም፣ እኔም ከመደርደሪያዎቼ ጋር አርጅቼ እቀራለሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ዋርካው ሥር ደረስኩ።

አያ ኢብራሂም ስኳሩን አዩት። "ይህ ጉቦ ነው?"

"ኧረ ስጦታ ነው!"

"ስጦታ ከሆነ ሰኞ አምጣው።"

"አያ ኢብራሂም፣ እባክዎ፣ ዛሬ ጋሽ ክንዱ ስለ እኔ ይጠይቁዎታል..."

"የማውቀውን እነግረዋለሁ።"

"እኔም የፈራሁት እሱን ነው።"

ይህን ስንል ጋሽ ክንዱ በሩቁ ብቅ አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አለ። ተነስቼ ልሄድ ስል አያ ኢብራሂም በዓይናቸው መለሱኝ።

"ተቀመጥ። ሰው በሌለበት ከተናገርሁ ሐሜት ይሆንብኛል። ያችን ገመድ ያዝ።"

ያዝኩ። ጋሽ ክንዱ ሰላምታቸውን ጨርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔን ሲያዩ ትንሽ ቅር ቢላቸውም ደብተሩን አወጡ። ሁለቱ የሃያ ዓመት ወዳጆች ናቸው፣ አይግደረደሩም።

"ኢብራሂም፣ ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ጉረኛ ነው" አሉ አያ ኢብራሂም፣ ገመዱን ሳብ እያደረጉ። ጋሽ ክንዱ ጻፉ። "አምና 'እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ የሐዋሳ ውሃ ነው ያሳደገኝ' ብሎ ታንኳየን ተዋሰ። ከነጫማው ርሶ መጣ።"

"ይጠጣል?"

"ሻይ። በአራት ማንኪያ ስኳር። አርባ ዓመት ሲሞላው የስኳር በሽታን ያገኛታል።"

"ይቆጣል?"

"አይቆጣም፤ ያኮርፋል። ሸሪፋ ትንሹን አሳ ሰጠችኝ ብሎ ሦስት ቅዳሜ ቀረ።"

ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። "ለሥራ ዱርቤቴ ሄጄ ነበር!"

"ሦስቱንም ቅዳሜ?" አሉ ጋሽ ክንዱ፣ ከደብተራቸው ቀና ብለው።

ገመዱን ማየት ጀመርኩ። እሱንም ጻፉት።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ገጽ ሞላ። ስንፍናዬ፣ ስልክ ስነካካ ሰው የማልሰማው፣ አሳ ስበላ አጥንቱን ሳህኑ ዳር እንደ አጥር የምደረድረው እንኳ አልቀረም። ገመዱ መዳፌን ይቆርጠኛል፤ የሔራን ፊት በዓይኔ ይመጣብኛል። በመጨረሻ ጋሽ ክንዱ እስክሪብቷቸውን አሳርፈው፣ "ደህና ነገርስ የለውም?" አሉ። ድምፃቸው ሊያዝኑልኝ የጀመሩ ይመስል ነበር።

አያ ኢብራሂም ሥራቸውን አቆሙ። ሲያቆሙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"አንድ አለው። ክንዱ፣ ታንኳ ውሃ እንደምትጠጣ ታውቃለህ። የተሳፈረባት ሰው ሲመለስ አውጥቶ ካላቆማትና ካላደረቃት፣ በሳምንታት ውስጥ ትበሰብሳለች። ተዋሰው የሚሄዱት ሁሉ ዳር ላይ ጥለውልኝ ነው የሚሄዱ። የገዛ ወንድሜ ልጅ ሳይቀር። ይህ ጉረኛ ግን ያን ቀን፣ እንደዚያ ርሶ እየተንቀጠቀጠ፣ ማንም ሳይነግረው አውጥቶ ዋርካው ላይ አስደግፎ አቁሞልኛል። ከሰላት ስመለስ ቆማ አገኘኋት። የሰውን ዕቃ እንዲህ የያዘ፣ የሰውን ልጅም ይይዛል።"

ጋሽ ክንዱ ደብተሩን ዘጉ። ፊታቸው በራ። "ይህስ ትልቅ ነገር ነው" አሉ።

ከሁላችን የከፋው እኔን ብቻ ነበር። ታንኳዋን ያቆምኳት እኔ አልነበርኩም። ያን እሑድ ሔራን ደንገሉ ጀርባ ተደብቃ ስትጠብቀኝ፣ ብቻዬን የተዋስኩ መስዬ ሄጄ አሳፈርኳት። ሃያ ሜትር ሳንርቅ የሐዋሳ ጀግንነቴን ላሳያት ብድግ አልኩ፣ ወደቅኩ። ውሃው እስከ ደረቴ ነበር፤ እኔ ግን እንደሚሰምጥ ሰው ጮህኩ። መቅዘፊያውን ወስዳ እየቀዘፈች፣ እኔን በእጅጌዬ እየጎተተች ዳር ያደረሰችን እሷ ናት። እኔ ሱሪዬን ልጨምቅ ከዛፍ ጀርባ ስገባ፣ "የሰው ታንኳ ጥለን አንሄድም" ብላ ጎትታ አወጣቻት፣ አቆመቻት፣ ሰው ሳያያት ወደ ቤቷ ሄደች። አያ ኢብራሂም ከሰላት ሲመለሱ ያገኙት የረጠበ እኔንና የቆመች ታንኳ ነው።

ዝም ብል ሠርጌ ይሰምራል ማለት ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ ዝም ልል ነበር። ግን ጋሽ ክንዱ የሒሳብ መምህር ናቸው።

"ውሃ የጠጣች ታንኳ ከባድ ናት" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። "ብቻህን እንዴት አነሳሃት? እስቲ አሠራሩን ንገረኝ።"

አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። አያ ኢብራሂም ያዩኛል፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ያላወቁትን ነገር ተናግረው የማያውቁ ሰው፣ በእኔ ምክንያት ሐሰት መስክረው ሊቀሩ ነው። በጣም አፈርኩ።

"እኔ አይደለሁም ያቆምኳት" አልኩ። "ሔራን ናት።"

እትዬ ሸሪፋ ከመጥበሻቸው ቀና አሉ።

"የቷ ሔራን?" አሉ ጋሽ ክንዱ።

"የእርስዎ።"

"ልጄ ታንኳ ላይ ምን ትሠራ ነበር?"

"ትቀዝፍ ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔ ውሃው ውስጥ ነበርኩ።"

ጋሽ ክንዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። "እህ፣ ኢብራሂም?"

አያ ኢብራሂም ገመዱን ከእጄ ተቀበሉ። "ተሳስቻለሁ" አሉ።

እትዬ ሸሪፋ ማንኪያቸውን ጣሉ። "አልሐምዱሊላህ! ይችን ቃል ከአፉ ለመስማት ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ!"

"ቆይ አንቺ" አሉ አያ ኢብራሂም። "ክንዱ፣ ይህ ልጅ ጉረኛ ነው፣ አኩራፊ ነው፣ ዋና አይችልም፣ ታንኳም አያደርቅም። ግን አሁን ዝም ቢል ያለፈለት ነበር። የሚያጣውን እያወቀ ነው የተናገረ። ይህን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ አየሁት። ልጅህን ስጠው።"

ጋሽ ክንዱ ደብተራቸውን ገለጥ አድርገው አንድ ነገር ጻፉና ዘጉ። በኋላ ሔራን ሰርቃ አይታዋለች፤ "ከአሥር ስድስት" ይላል።

እኔ በደስታ የአያ ኢብራሂምን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

"ታንኳየን ግን ሁለተኛ አላውስህም" አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ምሥጋና የምትባል ልጅ ወልደናል። በየቅዳሜው አሳ እንበላለን፤ ታንኳ ስጠይቅ አያ ኢብራሂም ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ጋሽ ክንዱ ቢያማልዱኝም እንቢ አሉ። ሔራን ስትጠይቅ ይሰጧታል። እኔን እንደ ዕቃ ጭና ትወስደኛለች፤ መቅዘፊያ እንዳልነካ ግን አደራ ተብላለች።

ያለፈው እሑድ፣ ገና ሳልጠይቃቸው፣ "ያችን ውሰዳት" አሉኝ፣ በአገጫቸው እያሳዩ። ሦስታችን ወጣን። እኔ ቀዘፍኩ፣ አልተነሳሁም፣ አልወደቅኩም። ስንመለስ ሔራን ልጃችንን አቅፋ እትዬ ሸሪፋ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ታንኳዋን ብቻዬን ጎተትኩ። ጋሽ ክንዱ እውነታቸውን ነው፣ ከባድ ናት። ወገቤ እየጮኸ ዋርካው ላይ አስደግፌ አቆምኳት።

አያ ኢብራሂም ከሰላት ተመለሱ። ዞረው አዩዋት፣ ሥሯን በእጃቸው ዳሰሱ።

"ማን አቆማት?"

"እኔ!"

መልስ ሳይሰጡኝ በዝግታ ወደ ሔራን ሄዱ። እሷ አሳዋን አኝካ እስክትጨርስ፣ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ ፍርዴን ጠበቅኩ።

"እሱ ነው" አለች።

"ወላሂ?"

"በጊዮርጊስ።"

አያ ኢብራሂም ወደ እኔ ተመለሱ። "እንግዲያው በሚመጣው እሑድም ውሰዳት" አሉኝ።

ጋሽ ክንዱ ሔራንን ሲሰጡኝ እንኳ እንዲህ አልኮራሁም። እሷ ከጠየቀችኝ ይህን መናገሬ አይቀርም፤ ስለዚህ እባካችሁ ጠይቂው እንዳትሏት።