ከጥቁሩ ጀርባ

የወረታው ይልቃል የሠርግ ቪዲዮ ሲያነሣና ሲያቀናብር ዐሥር ዓመቱ ነው። ስንት ሙሽራ አጅቧል፣ ስንት የሰካራም ዱላ ከካሜራው ላይ መልሷል! እንዲህ ያለውን ቀንስ ለጠላትም አይስጥ።

ይልቃል ባነሣው፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ በተደገሰ ሠርግ ጠብ ተነሣና ቻላቸው የሚባል ጎልማሳ አናቱን በዱላ ተመትቶ ዳሱ ውስጥ ሞተ። ጠላ ሞቅ ያደረገው ሁሉ ዱላውን ሲያወናጭፍ ነበርና ማን ማንን እንደመታ የመታውም ያየውም ያወቀ የለም። ታላቅ ወንድሙ አያልነህ ግን "ዳሱ ውስጥ ከነበረው ከበላቸው ሌላ ደመኛ የለንም" ብሎ ቆረጠ። ያጎቱን ልጆች ጠመንጃ አስይዞ፣ በላቸው ሩዙን ከሚያርምበት ማሳ ዳር አስቀመጣቸው። "ገዳዩን በዓይኔ ልየው፤ ቃሌን በስልክ ጠብቁ" አላቸውና ወረታ፣ ይልቃል ሱቅ ገባ።

ይልቃል ቪዲዮውን ከፈተ። ዱላው ከጎን መጥቶ ቻላቸው አናት ላይ ያርፋል፤ የያዘው ሰው አይታይም። በስክሪኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ብቻ ነው።

"ጥቁር ቀብተህ ደበቅኸው" አለና አያልነህ በሽመሉ ትከሻውን አለው። ሲደግመው የይልቃል ክንድ ቋ አለ።

"ኧረ አያ አያልነህ፣ በሚካኤል! ለስልክ እንዲመች ብዬ ቪዲዮውን የማቀናብርበትን ፕሮጀክት አጥብቤ ስለሠራሁት ነው። ካሜራው ያነሣው ሰፊ ነው፤ ጎን ጎኑ ተቆርጦ ቀረ እንጂ ማንንም አልደበቅሁ።"

"እንግዲያው አስፋው።"

ይልቃል ሰው ሲሞት ማየት አይሆንለትም፤ ያን ቦታ ሲያቀናብርም ፊቱን አዙሮ ነው ያለፈው። አሁን በደህናው እጁ የፕሮጀክቱን ሴቲንግ ከፍቶ ወርዱን ካሜራው ባነሣበት ልክ አደረገው። ጥቁሩ ጠፋ፤ ዳሱ ከነሰዉ ወጣ።

በላቸው ባዶ እጁን ነው፤ ጎንበስ ብሎ ያመልጣል። እሱን ብሎ ዱላ የሰነዘረው፣ ስቶም የገዛ ወንድሙን አናት ያገኘው አያልነህ ነበር።

አያልነህ ስክሪኑን በሽመሉ አደቀቀው፤ ዞሮም ይልቃልን አፉን መታው።

"አጥብበው። እንደነበረ አድርገው።"

ይልቃል ደሙን ተፋ። በጣም ፈርቷል። "የሰበርኸው ስክሪኑን ነው፤ ምስሉ አለ። ብትገድለኝም አላጠበውም። ያለ ጥፋቱ ሰው ይሞትበታል።"

ሽመሉ እንደገና ተነሣ፤ ግን አልወረደም። አያልነህ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ያጎቱ ልጅ "እንተኩስ?" ሲለው ይልቃል ሰማ።

"ተመለሱ" አለ አያልነህ። "የቻላቸው ገዳይ እኔ ነኝ።"